ማዶ ሲደረስ አንድ ይተርፋል

እኔ ሰው የምቆጥረው በእግሬ ነው። ጀልባዋ ዳር ይዛ ከታሰረች በኋላ መሸጋገሪያው ሳንቃ ይዘረጋል። አንድ እግሬን የሳንቃው ጫፍ ላይ አደርግና አውራ ጣቴን ክሊከሯ ላይ አሳርፋለሁ፤ በተጫንሽ ቁጥር ጠቅ እያለች አንድ የምትጨምር፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ብረት ናት። ሰው ሲረግጥ ሳንቃው ረገብ ይላል፣ እኔ ጠቅ አደርጋለሁ። ፊት አላይም። ፊት ያዘናጋል፤ አንዱ ፈገግ ይልልሻል፣ አንዱ ስለ አየሩ ይጠይቅሻል፣ ቁጥሩ ይጠፋል።

ስሜ ባየሽ ነው። ሴይንት ፖል ውስጥ ሚሲሲፒን ከዳውንታውኑ ዳር ወደ ደቡቡ ዳር በምታሻግር አንዲት አሮጌ የመንገደኛ ጀልባ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ገመድ አስራለሁ፣ ገመድ እፈታለሁ፣ ሰው እቆጥራለሁ። ጀልባዋ አርባ ዘጠኝ ሰው ትይዛለች። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ትሠራና ወንዙ ወደ በረዶ ሳይለወጥ በክሬን ወጥታ፣ በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልላ ትከርማለች። መንገዱ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ድልድይ እያለ ሰው ለምን በጀልባ እንደሚሻገር አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ግን አፌን ይዤ ኖሬያለሁ።

ሥራውን ያገኘልኝ ካፒቴኑ ቂርቆስ ነው። በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ነበር። ዛሬ ስድሳ ሊሞላው ነው፤ ያም ሆኖ ስለዚያ ነጭ ዩኒፎርም ሳያወራ አንድ ሳምንት አያልፈውም። እኔ ያኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሽተኛ ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ አልቆ ነበር። «ነይ፣ ጀልባ ላይ ተሸክመሽ የምታነሺው ሰው የለም፣ ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ያስቸገረኝ አንዱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ባለቤት ሃልቮርሰን የሚባል ረጅም ሽማግሌ ነበር። ጀልባዋን በእናቱ ስም «ኢንግሪድ» ብሏት፣ በየዓመቱ በገዛ እጁ አረንጓዴ ይቀባት ነበር። ቃል ከአፉ አይወጣም። ጠዋት «ሞርኒንግ» ካለኝ እስከ ማታ በቃው ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ይል ነበር፤ ቁጥር ላይ። ጥቁር ደብተር ነበረው። በየጉዞው ስንት እንደገባና ስንት እንደወረደ ይጻፍበታል።

የተሳሳትኩት ያኔ ነው። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ የታቀፈ ልጅ አይቆጠርም፤ የታዘለማ ከነጭራሹ። ወያላው እናቱን ቆጥሮ ያልፋል፣ ልጁ ከእሷ ጋር ነው፣ አለቀ። እኔም እዚህ መጥቼ እንደዚያው አደረግኩ። ልጅ ያዘለች እናት ስትገባ ሳንቃው የሚረግበው አንዴ ነው፤ አንዴ ረገበ፣ አንዴ ጠቅ። በሦስተኛው ሳምንቴ ሃልቮርሰን ደረቱ ላይ ሕፃን ያሰረ አባት ሳሳልፍ አየኝ። ክሊከሯን ከእጄ ወሰደና በጣቱ መጀመሪያ አባትየውን፣ ቀጥሎ ሕፃኑን አሳየኝ። «የሚተነፍስ ሁሉ አንድ ነው፣ ባየሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የታዘለም፣ የታቀፈም፣ በጋሪ የሚገፋም አምልጦኝ አያውቅም።

ግን ከዚያ በፊት አንዲት ሴት ነበረች።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያካፋል፤ ሜይ ይባል እንጂ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ሰፊ ጥቁር ካፖርት የደረበች ሴት ገባች። ከካፖርቱ ሥር ጀርባዋ ጎበጥ ብሏል። የታዘለ ልጅ ያለበት ጀርባ አይጠፋኝም፤ እኔም ሁለት አዝዬ አሳድጌያለሁ። ሳንቃው አንዴ ረገበ፣ አንዴ ጠቅ አደረግኩ። ማዶ ስንደርስ ገመዱ እጄ ላይ ተወሳሰበብኝ፤ ፈትቼው ቀና ስል ሴትየዋ ወርዳ ዳገቱን ጀምራለች። ካፖርቷን አውልቃ በክንዷ ይዛዋለች። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነበር።

ቀጥ ያለ ነበር? ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው። ምናልባት ልጁን ከፊቷ አቅፋው ይሆናል። ምናልባት መጀመሪያውኑም ያዘለችው ቦርሳ ነው። ማንም መጥቶ አልጠየቀም፣ ፖሊስ አልመጣም፣ በዜና አልተነገረም። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንድ ሕፃን በእኔ ጥፋት እዚህ ጀልባ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ትርፉ የመጣው ቁጥሬን ባስተካከልኩበት ሳምንት ነው። ሃያ አንድ ሰው ገባ፣ ማዶ ሃያ ሁለት ወረደ። ተሳስቻለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ሠላሳ ገባ፣ ሠላሳ አንድ ወረደ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ስንመለስ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስንሄድ ግን ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። ሰው ሲበዛ የትኛው እርምጃ ትርፍ እንደሆነ አይለይም። ሰው ሲያንስ ነው የሚያስፈራው። አንድ ቀን ሦስት መንገደኞች ብቻ ይዘን ተሻገርን። ሦስቱም ወርደው መንገዱን ሲይዙ እግሬ አሁንም ሳንቃው ላይ ነበር፤ ሳንቃው እንደገና ረገብ አለ። ቀለል ያለ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። አውራ ጣቴ ግን ልማዱ ነውና ጠቅ አድርጓል።

ሃልቮርሰን ምሳ ሲወጣ የቀደሙትን ዓመታት ደብተሮች አገላበጥኩ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የገባውና የወረደው በአንድም ቦታ አይለያይም። ደብተሮቹን መልሼ ቦታቸው አስቀመጥኳቸው።

ሽማግሌው ትርፉን ደብተሩ ላይ ቢያይም አንድም ቀን አልወቀሰኝም። የማየውን እንድጽፍ ብቻ ነገረኝ። ስድስት ዓመት ጻፍኩ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጀልባዋን ሸጠና በመጨረሻው ቀን ጥቁሩን ደብተር እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ቁጥሩ እኩል የመጣ ቀን ገመድ እንዳትፈቺ» አለኝ። ለምን አልኩት። «ትርፉ መውረዱን አይተውም፤ እኩል ከመጣ ከሌሎቹ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው» አለኝ። ይህን ያህል ሲናገር ያኔ ብቻ ነው የሰማሁት።

የገዛት ፕሊማውዝ ውስጥ ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት ነበር። አረንጓዴው ተፋቀ፣ ግራጫ ተቀባች፤ «ክሮሲንግ ዋን» ተባለች። ሞተሩ ተቀየረ፣ ወንበሮቹ ተቀየሩ፣ የእንጨቱ ሳንቃ ተነቅሎ አልሙኒየም መጣ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ነገሩ ያለው እንጨቱ ላይ ከሆነ ከእንጨቱ ጋር ይሂድልኝ ብዬ ነበር። በአልሙኒየሙም ሳንቃ የመጀመሪያ ቀን ዐሥራ ሰባት ገብቶ ዐሥራ ስምንት ወረደ።

ኬልሲ የምትባል ማናጀር ላኩልን። ክሊከር የድሮ ነገር ነው ብላ በሩ ላይ የሚቆጥር ካሜራ አስገጠመች። ካሜራውም አንድ ትርፍ አመጣ። እንዴት እንደሳቅኩ! ሦስት ጊዜ ባለሙያ መጣ፣ ሦስት ጊዜ አዲስ ካሜራ ተገጠመ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ባለሙያው ከኬልሲ ጋር ተማክሮ ማሽኑ የወረደውን ከገባው ጋር እኩል አድርጎ እንዲጽፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ማዶ በደረስን ቁጥር ስክሪኑ አረንጓዴ ይበራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔ በኪሴ ትንሽ ደብተር ይዤ የእግሬን ቁጥር መጻፌን አላቆምኩም። ኬልሲ አንዴ አይታኝ «ባየሽ፣ ሲስተም አለን እኮ» አለችኝ፤ እሺ አልኳትና ደብተሩን ወደ ሌላኛው ኪሴ አዛወርኩት።

ድርጅቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ሰለቸው። ሦስተኛው ባለቤት የእኛው ሰው ሆርዶፋ ነው። ቡርንስቪል ይኖራል፤ በሽተኞችን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ ቫኖች አሉት። ጀልባዋን ብርቱካናማ ቀብቶ «ቢፍቱ» አላት፤ በኦሮምኛ የንጋት ፀሐይ ማለት ነው። ጸሎተኛ፣ ሳቂታ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሲደሰት «እትዬ ባየሽ፣ እርስዎ» ይለኛል፣ ሲናደድ አንቺ። ስለ ማሽኑ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ ልጀምረው?

በገዛት በሁለተኛው ዓመት፣ ባለፈው ጁላይ፣ የካናዳ ደን ተቃጥሎ ጭሱ እኛ ድረስ ወርዶ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ሰማዩ ቢጫ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ትንሽ ቀይ ነጥብ ናት፣ ሙቀት የላትም። ከወንዙ መሃል ሆነሽ ሁለቱም ዳር አይታይም። ድልድዩ ላይ መኪና ሲሄድ ይሰማል እንጂ ድልድዩ የለም።

የዚያን ሰሞን ሆርዶፋ ትልቅ ተስፋ ነበረው። ፍሮግታውን ያለ አንድ የአረጋውያን መዋያ በየሳምንቱ ሽማግሌዎቹን በጀልባ ሊያንሸራሽር አስቦ ለሙከራ ሊያመጣቸው ነው። ሙከራው ካማረ ጀልባዋ ትተርፋለች፤ ካላማረ በበልጉ ለአሮጌ ብረት ነጋዴ እንደሚሰጣት ቂርቆስ ሹክ ብሎኛል። ሽማግሌዎቹን በሰሜኑ ዳር እኛ እንጭናለን፣ ሆርዶፋ በደቡቡ ዳር ቫኖቹን አሰልፎ ይቀበላል። «እትዬ ባየሽ፣ ዛሬ ፐርፌክት መሆን አለበት» አለኝ በስልክ። «መጀመሪያ ሰማይህን ጥረገው» አልኩት።

ሠላሳ አራት ነበሩ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ አባቶች፣ ሁሉም ለጭሱ ማስክ አድርገዋል። የምትመራቸው ሶሊያና የምትባል እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ሽማግሌዎቹ በአማርኛ ይጠሯታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ይግባባሉ። ከእነሱ ሌላ ስድስት መንገደኛ ነበረ። አንድ በአንድ ሳንቃውን ረገጡ። አርባ አንድ ቆጠርኩ።

ወንዙ ላይ ነፋስ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ማዶው ሲጠፋባቸው ወሬያቸውን ተዉት። ከፊቴ የተቀመጡት ጋሼ ይልማ የሚባሉ አባት ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ይቺ ጀልባ ቆማለች ወይስ እየሄደች ነው?» አሉኝ። እየሄደች ነው አልኳቸው፤ ሞተሩን ባልሰማው ኖሮ ግን እኔም እርግጠኛ አልሆንም ነበር።

ደረስን። አሰርኩ፣ ሳንቃውን ዘረጋሁ፣ እግሬን አስቀመጥኩ። ሆርዶፋ ዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ቀስ እያሉ ወረዱ። ሶሊያና ቀድማ ወርዳ ከወረቀቷ ስም ትጠራለች፤ እነሱ «አለሁ» ይላሉ። ሠላሳ አራቱም ተጠሩ፣ ለሠላሳ አራቱም መልስ ተሰማ። በሩ ላይ ያለው ስክሪን አረንጓዴ በራ፤ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ። «ፐርፌክት!» አለ ሆርዶፋ።

ክሊከሬን አየሁ። አርባ አንድ ትላለች።

በዐሥራ አራት ዓመት አንዴ እንኳ ሳይተርፍ ቀርቶ የማያውቀው ቁጥር እኩል መጣ። እግሬን ከሳንቃው ሳላነሳ ጠበቅኩ። ሃያ ድረስ በልቤ ቆጠርኩ። ሳንቃው አልረገበም። የሚመለሱት መንገደኞች ዳር ተሰልፈው ያዩኛል፤ ቂርቆስ ከላይ ከመሪው ክፍል ጡሩምባውን ነፋ፣ ፍቺ ማለቱ ነው። ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፤ ገመዱ ከተፈታ መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን ወደ ኋላ ማስገባት ነው።

«አልፈታም» አልኩ።

«ምን ሆነሽ ነው ባየሽ?» አለ ሆርዶፋ። አንቺ ሆኛለሁ።

«አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ካውንቱ ማች አድርጓል እኮ! ስክሪኑን አታይም? ሶሊያናም በስም ጠርታለች።»

«አይ ቼክድ ኤቭሪዋን» አለች ሶሊያና፣ ሁሉንም አረጋግጫለሁ ማለቷ ነው፤ ፊቷ ግን መለወጥ ጀምሯል።

«ስክሪኑ ውሸታም ነው። እኔ የምለው አንድ ሰው ጎድሏል።»

ሆርዶፋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብሎ እንግዶቹ እየሰሙት መሆኑን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ቀረበ። «ዛሬን አታበላሺብኝ። እባክሽ። ዛሬን ብቻ» አለና ገመዱን ራሱ ሊፈታ ጎንበስ አለ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ ገመዱ የታሰረበት ብረት ላይ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ቀላል ሴት አይደለሁም። ሆርዶፋ ገመዱን ይዞ እኔን አየኝ። ከነገ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ ቀን እንደምቆጥር በዓይኑ ነገረኝ።

«ቂርቆስ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተሩን አጥፋ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ?»

«ምጽዋ ላይ ሰው ጥለህ ትሄድ ነበር? አጥፋው ነው የምልህ!»

ምን እንደነካው አላውቅም፣ አጠፋው። ሞተሩ ሲቆም ሁሉም ነገር ቆመ። ከጭሱ ውስጥ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያ በጣም ቀስ ያለ ዜማ ተሰማ፤ ከጀልባዋ ኋላ ነው የሚመጣው። ሰው ልጅ ሲያባብል ነው። እሹሩሩ ይላል።

ሶሊያና ወረቀቷን ጣለች። እኔ ከብረቱ ላይ ተነስቼ ሮጥኩ፣ ወገቤን እያመመኝ ሮጥኩ።

ከሞተሩ ሳጥን በስተጀርባ ለጥገና የሚወርዱበት ጠባብ ደረጃ አለ። በሰንሰለት የተዘጋ ነው፤ ሰንሰለቱ ወልቋል። አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀምጠውታል። ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበት ውሃው ውስጥ ነው። ከእግራቸው በታች፣ አንድ ክንድ ከስንዝር የማይሆን ርቀት ላይ፣ ውሃውን የሚቀዝፈው ብረት አለ። ገመዱን ፈትቼ ቢሆን ኖሮ ቂርቆስ በዚያችው ደቂቃ ያስነሳው ነበር።

ከጀርባ ገብቼ በብብታቸው ያዝኳቸው። ጭብጥ አይሞሉም። «እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«እናቱን እየጠበቅኩ ነው» አሉኝ።

«የማንን እናት?»

«የሕፃኑን ነዋ። ዳዴ እያለ ብቻውን ወረደ፣ አላየሽውም? እግርሽ ሥር ነው ያለፈው።» ዞረው አዩኝ፤ ትንሽ ቆጣ ብለዋል። «እናቱ ሳትወርድ ጀልባው እንዳይሄድ ብዬ ነው።»

እግሬን አየሁት። ዐሥራ አራት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ሰው ሲያልፍ ፊት አላይም ብዬ ነበር፤ ቁልቁልም አይቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና እማማን አቅፌ አለቀስኩ። መልሴን አገኘሁ። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሶሊያና ደርሳ «ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ የሺሀረግ! ሺ ዋዝ ራይት ቢሃይንድ ሚ!» ትላለች፤ ከኋላዬ ነበሩ እኮ ማለቷ ነው። የእማማ ስም ሲጠራ ማን እንደመለሰ ተጠየቀ። ጋሼ ይልማ ከዘራቸውን ተደግፈው «እኔ ነኝ» አሉ። «ከኋላዬ የነበረች መስሎኝ፣ አለች፣ አለች አልኩላት። ልጅቷ በከንቱ እንዳትጮህ ብዬ።» ሽማግሌው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኛ አገር ለጎረቤት አለች ማለት ደግነት ነው።

እማማ የሺሀረግን ደግፌ አወረድኳቸው። ሳንቃው ረገበ። ጠቅ። አርባ ሁለት። ደብተሬ ላይ እንደ ሌላው ቀን ጻፍኩት፤ አርባ አንድ ገባ፣ አርባ ሁለት ወረደ።

ሆርዶፋ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ ከንፈሩ ደርቋል። ካዩት በኋላ የመዋያው ሰዎች ውሉን እንደማይፈርሙ ሁለታችንም እናውቃለን። አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ ባየሽ፣ እንዴት አወቁ?» አለኝ። ወደ እርስዎ ተመልሻለሁ። ጥቁሩን የሃልቮርሰን ደብተርና የኪሴን ደብተሮች አውጥቼ ሰጠሁት። ቂርቆስም ወርዶ ከትከሻው በላይ ያነብባል። ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ካፖርቱ፣ አንዴ ጠቅ ስላደረግኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ።

«እማማ እኮ ይረሳሉ፣ ሶሊያና ነግራናለች» አለ ቂርቆስ። «የሌለ ነው ያዩት።»

«ስም ነው የሚረሱት፣ ዓይናቸው ደህና ነው» አልኩት።

ሆርዶፋ ገጾቹን ብዙ ጊዜ አገላበጠ። ከዚያ ተነስቶ በመፍቻ ካሜራውን ከበሩ ላይ ነቀለው። «እጸልይበታለሁ» አለኝ። ጸልይ አልኩት፤ እኔ የማውቀው መቁጠር ነው።

በማግስቱም ጭሱ አልለቀቀም። በሰሜኑ ዳር የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ስጭን ሳንቃው ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ረገበ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠቅ አደረግኩ። ሁሉም ተቀመጡ። በሩን ከመዝጋቴ በፊት ቆምኩ። ማንም የለም፣ ሳንቃውም ፀጥ ብሏል። ያኔ፣ ባለካፖርቷ ሴት ስትገባ፣ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ አንዴ ጨመርኩ። ጠቅ። ሃያ።

ማዶ ስንደርስ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ወረደ። ጠበቅኩ። ቀለል ያለችው እርምጃ አልመጣችም። ቂርቆስን ሞተር አስጠፍቼ ጀልባዋን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ ከወንበር ሥር፣ ከላይፍ ጃኬቶቹ ሳጥን ውስጥ፣ ከኋላው ደረጃ። የቀረ ሰው የለም። በሚቀጥለው ጉዞም አልተረፈም፤ በቀጣዩም። ሙሉ ቀን የገባውና የወረደው ልክ ነበር፤ የጠዋቷ አንዷ ብቻ ሳትወርድ ዋለች። ቂርቆስ «በቃ፣ ሄደ» አለኝ። እኔ ግን ገመድ ለማሰር ባጎነበስኩ ቁጥር ወገቤ ላይ ከወትሮው የተለየ ሙቀት ነበረ። ሁለት አዝዬ አሳድጌያለሁ ብያለሁ፤ አይጠፋኝም።

ጀልባዋ የምታድረው በደቡቡ ዳር ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቂርቆስ ሞተሩን ዘግቶ ቀድሞኝ ወረደ፤ ከዳገቱ ላይ ዞር ብሎ «ምን ሆነሽ ጎበጥሽ?» አለኝ። ወገቤን ነው አልኩት። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ በዐሥራ አራት ዓመት ራሴን ቆጥሬ አላውቅም። የግራ እጄን ሳልጠራው ወደ ኋላ ሄዶ ከጀርባዬ ሥር ደገፈ። ሳንቃውን ረገጥኩ፤ አንዴ ረገበ። ሁለቴ ጠቅ አደረግኩና፣ እንዳይነቃ ቀስ ብዬ፣ ዳገቱን ጀመርኩ።